ስም ያጣመራቸውና ሥራ ያጣመራቸው ከተሞች፤ ስለ ጃፓን ማዘጋጃ ቤቶች የውጭ አገር ግንኙነት የቀረበ ትችት

በኦገስት ወር 2025 ዓ.ም. ጃፓን የአፍሪካን መንግሥታት መሪዎች ወደ ዮኮሃማ ጠርታ ስለ ልማት ስትመክር፥ ጃይካ የተባለው የመንግሥቷ የትብብር ድርጅት አራት የጃፓን ከተሞችን ከአራት የአፍሪካ አገሮች ጋር አጣምሮ አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፥ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፥ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) ኢማባሪ ለሞዛምቢክ፥ ኪሳራዙ ለናይጄሪያ፥ ሳንጆ ለጋና፥ ናጋይ ለታንዛንያ ደረሱ። የጥምረቱም ስም «የአፍሪካ የትውልድ ከተማ» የሚል ነበር። ነገሩ ከአንድ ወር ጥቂት ቀን አልፎ አልቈየም፤ በሴፕቴምበር 25 ቀን ድርጅቱ ዕቅዱን መተዉን ገለጠ።

በመካከሉ የሆነው ሊመረመር የሚገባው ነው። ከናይጄሪያ ቤተ መንግሥት የወጣው መግለጫ ጃፓን ለሠለጠኑ የናይጄሪያ ወጣቶች ልዩ የመግቢያ ፈቃድ ልታወጣ ነው አለ። አንድ የታንዛንያ ጋዜጣም ናጋይ ለታንዛንያ እንደ ተሰጠች አድርጎ አርእስት ጻፈ። ወሬው ተመልሶ ጃፓን ሲደርስ «ከተማችን ለባዕድ ተሰጠች» የሚል ሆነ። በአራቱ ማዘጋጃ ቤቶች ላይ የስልክና የደብዳቤ ጐርፍ ወረደባቸው፤ በቶኪዮም በድርጅቱ ደጃፍ ሰልፍ ተደረገ። የጃፓን መንግሥት እንዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚባል ነገር እንደሌለ ቢያስታውቅ፥ ናይጄሪያም መግለጫዋን ብታርም፥ ሰሚ አልተገኘም።

ብዙዎቹ ተቺዎች ጥፋቱን ሁሉ በሐሰተኛ ወሬ ላይ ጥለው አልፈዋል። ወሬው ሐሰት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሐሰት የሚበቅለው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው፤ ባዶውን ቦታ ያዘጋጀውም ስሙ ነበር። ጃፓኖች ከእንግሊዝኛ የተዋሱትን ይህንን ቃል በራሳቸው ቋንቋ አቅልለው ይናገሩታል፤ አንድ የእግር ኳስ ቡድን የተቀመጠበትን ከተማ እንኳ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ለብሶ ሌጎስና ዳሬሰላም ሲደርስ ግን የተወለድህበት፥ የአባትህ ቤት ያለበት፥ ማንም ሊከለክልህ የማይችለው አገር ማለት ነው። ጃይካም ዕቅዱን ሲተው ስሙና «ሰየምን» የሚለው አነጋገር ሰውን ማሳሳታቸውን አምኗል። ይህ ጸሐፊ ግን ነገሩ ከአንድ ቃል ጥልቅ ነው ይላል። አንድ የናጋይ ነዋሪ «ለመሆኑ በዚህ ጥምረት ማን ምን ሊሠራ ነው?» ብሎ ማዘጋጃ ቤቱን ቢጠይቅ፥ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚመለስለት መልስ አልነበረም። የሚያሳዝነውም ናጋይ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የታንዛንያን ስፖርተኞች ለመቀበል የተመረጠች ከተማ ስለ ነበረች፥ ከዚያ አገር ጋር ቀድሞ የተጀመረ እውነተኛ ወዳጅነት ነበራት። ያ ወዳጅነት ትልቅ ስም ሳይሰጠው በኖረበት ጊዜ ማንም አልጮኸበትም።

በጃፓንና በባሕር ማዶ ሕዝቦች መካከል በከተማና በጠቅላይ ግዛት ደረጃ የሚደረገው ግንኙነት ሰባ ዓመት ያለፈው ስለ ሆነ፥ የትኛው እንደ ጸና የትኛውም እንደ ተሰበረ ለመመልከት በቂ ማስረጃ አለ። የዚህ ጸሐፊ አሳብ ይህ ነው፤ በስም የቆመው ግንኙነት በመጀመሪያው ነፋስ ይወድቃል፥ በሥራ የቆመው ግን ነፋሱ መንፈሱን እንኳ ሳያውቅ ይቀጥላል።

መጀመሪያው በ1955 ዓ.ም. ነው። ናጋሳኪ የአቶሚክ ቦምብ ከወደቀባት ከ10 ዓመት በኋላ ከአሜሪካዊቷ ከሴንት ፖል ከተማ ጋር እኅትማማችነት ተዋዋለች። ቀኑም ዲሴምበር 7፥ ፐርል ሐርበር የተመታበት 14ኛ ዓመት ነበር። በዚያ ዘመን ስሙ ራሱ ሥራ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ትናንት ሲገዳደሉ የነበሩ ሕዝቦች እኅት ተባብለው መጻጻፋቸው ብቻ ትልቅ ነገር ነውና። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ሜዳልያ መሰብሰብ ሆነ። ከንቲባው ይሄዳል፥ ከንቲባው ይመጣል፥ ዛፍ ይተከላል፥ በአደባባዩ ሐውልት ይቆማል።

ስለ ስም ከተነሣ ዘንድ፥ ቻይናዎች ነገሩን ቀድመው አስተውለውታል። ኮቤና ቲያንጂን በ1973 ዓ.ም. በጃፓንና በቻይና ከተሞች መካከል የመጀመሪያውን ጥምረት ሲያደርጉ «እኅትማማች» የሚለውን ትተው «የወዳጅነት ከተሞች» ተባሉ። ምክንያቱም በሁለቱ አገሮች ጽሕፈት እኅትማማች የሚለው ቃል «ታላቅ እኅት» እና «ታናሽ እኅት» በሚሉ ሁለት ፊደሎች ስለሚጻፍ፥ ታላቂቱ ማን ናት፥ ታናሺቱስ ማን ናት የሚል ክርክር ያመጣ ነበር። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ለመረዳት አያስቸግረንም፤ ታላቅና ታናሽ ሳይለይ ማዕድ የሚቀርብበት ቤት በኛም ዘንድ ብዙ አይደለምና።

የጃፓን ሕገ መንግሥት የውጭ ጉዳይን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲሰጥ፥ በስምንተኛው ምዕራፍ ደግሞ የአካባቢ አስተዳደርን ራስ ገዝነት ይጠብቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ከሁሉ ይልቅ የተጠቀመበት ከ1975 እስከ 1995 ዓ.ም. የካናጋዋ አገረ ገዥ የነበሩት የኢኮኖሚው ምሁር ናጋሱ ካዙጂ ናቸው። እሳቸው የዲፕሎማሲ ባለቤት ሕዝቡ ነው፥ ጠቅላይ ግዛቱም የሕዝቡ መሣሪያ ነው የሚል ትምህርት አስፋፉ። ማዕከላዊው መንግሥት ግን አሳቡን በራሱ መልክ ቀርጾ ወሰደው። በ1987 ዓ.ም. የከተማ ሠራተኞች ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ወደ ውጭ አገር አስተዳደሮች እንዲላኩ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት ወጣት የውጭ አገር ሰዎችን ወደ ጃፓን ትምህርት ቤቶችና ማዘጋጃ ቤቶች የሚያመጣው «ጄት» የተባለው ፕሮግራም በ848 ሰዎች ተጀመረ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ አስተዳደሮች የጋራ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ምክር ቤት ተቋቁሞ በኒውዮርክ፥ በለንደንና በሌሎችም ታላላቅ ከተሞች ጽሕፈት ቤት ከፈተ።

ይህንን ጄት የተባለውን ብዙ ሰዎች ያመሰግኑታል፤ ምስጋናውም የሚገባው ነው። በተራራ ሥር ያለ የጃፓን መንደር ልጅ የባዕድ ሰው ፊት አይቶ እንዲያነጋግር አድርጎታልና። ይሁን እንጂ ያ የመጀመሪያው ጓድ ሁሉ የተመለመለው ከአሜሪካ፥ ከእንግሊዝ፥ ከአውስትራልያና ከኒውዚላንድ ብቻ ነበር፤ ዛሬም አገሮቹ በዝተው ሳለ ከዘጠኝ እጅ በላይ የሚሆኑት የቋንቋ ረዳት መምህራን ናቸው፥ ቋንቋውም አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። በማዘጋጃ ቤት ተቀምጠው የከተማ ለከተማ ሥራ እንዲያቃኑ የሚመጡት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ዓለም አቀፍነትን ከእንግሊዝኛ ትምህርት ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር የጃፓን ብቻ ስሕተት አይደለም፤ ይህን በሚስዮን ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች እናውቀዋለን።

ወደ ተሰበሩት እንመለስ። ኦሳካና ሳን ፍራንሲስኮ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ እኅትማማች ነበሩ። በሳን ፍራንሲስኮ በጦርነቱ ጊዜ የጃፓን ሠራዊት ስላስገደዳቸው ሴቶች መታሰቢያ ሐውልት ቆመና ከተማው በ1917 ሳይሆን በቅርቡ፥ በ2017 ዓ.ም. የራሱ ንብረት አድርጎ ተቀበለው። የኦሳካው ከንቲባ ዮሺሙራ ሂሮፉሚ በ2018 ዓ.ም. የስድሳ አንድ ዓመቱን ጥምረት በደብዳቤ አፈረሱት። ናጎያና ናንጂንግ ደግሞ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የተጣመሩ ነበሩ፤ በ2012 ዓ.ም. የናጎያው ከንቲባ ካዋሙራ ታካሺ ከናንጂንግ ለመጡ እንግዶች በ1937 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ስለ ተደረገው እልቂት የሚክድ ቃል በመናገራቸው ናንጂንግ ይፋውን ግንኙነት አቋረጠች። በሁለቱም ቦታ ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ታሪኩም እውነተኛ ቍስል ስለ ሆነ «ለምን ዝም አላሉም» ማለት አይቻልም። ይህ ጸሐፊ የሚያስተውለው ሌላ ነገር ነው፤ ጥምረቱ በሁለት ከንቲባዎች ፊርማ የቆመ ነበረና በአንድ ከንቲባ አፍ ወይም ብዕር ሊወድቅ ቻለ። «ይህ ቢቋረጥ ነገ ጧት ሥራችን ይቆማል» ብሎ ወደ ከንቲባው ቢሮ የሚሮጥ ሠራተኛ አልነበረም።

ያለ ጩኸት የጠፉም አሉ። ከ1999 እስከ 2010 ዓ.ም. በተደረገው ታላቅ የማዋሐድ ሥራ የጃፓን ከተሞችና መንደሮች ቍጥር ከ3,232 ወደ 1,727 ዝቅ ብሏል። ትንሿ መንደር በትልቋ ስትዋጥ ያላትን የውጭ አገር ወዳጅ ይዛ ትገባለች፤ የሚያስታውሰው ሰው ግን ከእርስዋ ጋር አይገባ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ኪታኪዩሹ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ብንቈይ ይጠቅማል። ይህች ከተማ በ1963 ዓ.ም. አምስት ከተሞች ተዋሕደው የተሠራች፥ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የያሃታ ብረት ማቅለጫ የሚሠራባት ቦታ ናት። በ1960ዎቹ የዶካይ ባሕር ሰላጤ በፋብሪካ ዝቃጭ ተመርዞ «የሞት ባሕር» ይባል ነበር። የቶባታ ሴቶች ማኅበር አባሎች፥ ባሎቻቸው የዚያው ፋብሪካ ሠራተኞች ሆነው ሳለ፥ ልብስ ከደጅ እየሰቀሉ የሚያርፍበትን ጥላሸት መረመሩ፤ በ1965 ዓ.ም. ስለ ሰማያዊ ሰማይ ምኞታቸው ፊልም ሠሩ። ከዚያ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱና ፋብሪካዎቹ ለመዋዋል ተገደዱ፥ ሰማዩም ጠራ። ይህን የምጽፈው ለውበቱ አይደለም። ኪታኪዩሹ ለሌሎች የምትሰጠው ነገር ያላት ራስዋ ቈሽሻ፥ ከስራ፥ ደግሞ ታጥባ ስለ ወጣች ነው። በ1980 ዓ.ም. ከልማት ወደ ኋላ ከቀሩ አገሮች የሚመጡ ሰዎችን የሚያሠለጥን ማኅበር አቋቋመች። ከቻይናዪቱ ከዳልያን ጋር ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የነበራት ወዳጅነትም በ1990ዎቹ ወደ አየርና ውሃ ማጽዳት ሥራ ተለወጠ፤ በከተማዪቱ አሳብ አቅራቢነትም የጃፓን መንግሥት የርዳታ ገንዘብ ገባበት። የርዳታው መንገድ ከወትሮው ተገልብጦ ከከተማ ወደ ሚኒስቴር ወጣ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የፕኖም ፔን ነገር ነው። የካምቦድያ ዋና ከተማ በ1993 ዓ.ም. ከጦርነት ስትወጣ ከከተማው ሕዝብ የቧንቧ ውሃ የሚያገኘው ከአራት አንዱ ብቻ ነበር፥ ያውም በቀን ለ10 ሰዓት ያህል። ከተጣራው ውሃ ከመቶ 72 እጅ የሚሆነው በመሬት ውስጥ ይፈስሳል፥ ወይም ይሰረቃል፥ ወይም ያለ ክፍያ ይጠጣል። የውሃውን መሥሪያ ቤት የያዙት ኤክ ሶን ቻን የሚባሉ መሐንዲስ ናቸው። ሒሳብ ያልከፈለን ሁሉ ውሃውን ቈረጡ፤ አንድ ጄኔራል ሽጉጥ እንደ ደገኑባቸውና እሳቸው ግን እንዳልተመለሱ ይነገራል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የኪታኪዩሹ የውሃ ክፍል ሠራተኞች ተራ በተራ ሄዱ። ያመጡት ነገር ትልቅ ግድብ አልነበረም። የከተማውን የቧንቧ መረብ በክፍል በክፍል አጥሮ፥ በየክፍሉ የሚገባውን ውሃ ብዛትና ግፊት ከአንድ ክፍል ተቀምጦ መለካትና የሚያፈሰውን ቧንቧ ለይቶ ማወቅ ነው፤ ይህን ለዓመታት በቤታቸው ሲሠሩት የኖሩ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ገደማ የሚባክነው ውሃ ወደ 8 በመቶ ዝቅ አለ፥ ከመቶ 90 እጅ የሚሆነው ሕዝብም ቀንና ሌሊት ውሃ አገኘ። ሁለቱ ከተሞች የእኅትማማችነት ውል የፈረሙት በ2016 ዓ.ም. ነው። አንባቢ ቅደም ተከተሉን ልብ ይበል፤ ሥራው 17 ዓመት ቀደመ፥ ስሙ በኋላ መጣ።

በጃፓን ይህንን ታሪክ «የፕኖም ፔን ተአምር» ይሉታል። አልስማማበትም። ተአምር የሚለው ቃል ለሌላ ነገር ቢቀመጥ ይሻላል፤ ደግሞም የሠሪዎቹን ስም ይሸፍናል። ጄኔራሉ ደጃፍ የቆሙት ካምቦድያዊው ናቸው እንጂ ጃፓናዊው አይደሉም። ገንዘብም ከፈረንሳይ፥ ከዓለም ባንክና ከእስያ ልማት ባንክ ጭምር መጥቷል። የኪታኪዩሹ ሰዎች ድርሻ የተወሰነ ነበር፥ የተወሰነ በመሆኑም ጠቀመ። ስለ ትብብር የሚጻፉ ጽሑፎች ሰጪውን አግዝፈው ተቀባዩን እንደ ባዶ እንስራ ማሳየታቸው የቈየ በሽታ ነው።

በኢንዶኔዥያ በሱራባያ የተደረገውም ይህንኑ ያስተምራል። ከተማው በ2001 ዓ.ም. አንዱን የቈሻሻ መጣያ ሲዘጋ ቈሻሻው በየመንገዱ ተከመረ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ታካኩራ ኮጂ የሚባሉ የኪታኪዩሹ ባለሙያ ከአንድ የአገሩ ማኅበር ጋር ሆነው የወጥ ቤት ጥራጊ ወደ ማዳበሪያ የሚለወጥበትን ዘዴ አበጁ። መሣሪያው የልብስ ቅርጫት፥ ካርቶንና የሩዝ ገለባ ነው። ማብላያውንም ከጃፓን አላመጡም፤ ከዚያው አገር የተብላላ ምግብ፥ ለምሳሌ ቴምፔ ከሚባለው የአኩሪ አተር ምግብ፥ አወጡት፥ እኛ ከቡሖው ላይ ለሚቀጥለው እንጀራ እርሾ እንደምናስቀምጥ ማለት ነው። ቅርጫቱን ከተማው በብዙ ሺህ ለቤተ ሰቦች አደለ፥ የሰፈር ሴቶች ማኅበሮችም አጠቃቀሙን አስተማሩ። በአራት ዓመት ውስጥ የከተማው ቈሻሻ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ቀነሰ።

በዚህ ሁሉ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው የግብር ከፋዩ ነው፤ «የኛ ገንዘብ የሌላ አገር ቧንቧ ለምን ይጠግናል?» የሚል። ኪታኪዩሹ ለዚህ መልስ አላት። በ2010 ዓ.ም. ከግል ኩባንያዎች ጋር ሆና የውጭ አገር የውሃ ሥራ ማኅበር መሥርታለች፤ ለከተማው ፋብሪካዎች ገበያ፥ ለወጣት መሐንዲሶችዋ ደግሞ ሥራ ማስተማሪያ ታገኛለች። በጃፓን የቧንቧው መረብ ተዘርግቶ ስላለቀ ወጣቱ መሐንዲስ አዲስ መረብ ከመሠረቱ ሲዘረጋ የሚያይበት ቦታ ጠፍቷል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይወለዳል፤ «እንግዲያስ ይህ ትብብር ሳይሆን ንግድ ነው» ይላል። እኔ ጥቅምን በግልጥ መናገር ከሽሽግ ቸርነት ይሻላል ባይ ነኝ። በ2025 ዓ.ም. ለኪሳራዙ ሕዝብ ያልተነገረው ይህ ነበር፤ ምን እንሰጣለን፥ ምን እናገኛለን፥ ስንት ሰው ለስንት ጊዜ ይመጣል። ንግድ የሚከፋው ተቀባዩ ዕቃውን ሳይመርጥ ሲገዛ ነው፤ ያንን የሚከለክለውም እንደ ኤክ ሶን ቻን ያለ ሰው በተቀባዩ ወንበር መቀመጡ ነው።

ነገሩ ከኛ ሩቅ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ቆሼ ይመልከት። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በኛ አቈጣጠር የአዲስ አበባው የቈሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ ቦታውን ለማረጋጋት በጃፓን መንግሥት ገንዘብና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት አማካይነት የገባው ዘዴ «የፉኩኦካ ዘዴ» ይባላል፤ በ1970ዎቹ የፉኩኦካ ማዘጋጃ ቤትና የፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ በአንድነት ያበጁት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከቈሻሻው ሥር የተበሳ ቧንቧ በጠጠር ውስጥ ይዘረጋል፤ የሚጠራቀመው ፍሳሽ በዚያ ይወጣል። ቈሻሻው ሲበሰብስ ስለሚሞቅ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ በቧንቧው አፍ ቀዝቃዛ አየር ይስባል። አየር ያገኘ ቈሻሻ ቶሎ ይበሰብሳል፥ የሚፈነዳውም ጋዝ ያንሳል፥ ክምሩም ይረጋል። ሞተር አያስፈልገውም፤ ውድ ቧንቧ ባይገኝ በቀርከሃና በአሮጌ በርሜል የተሠራበት አገር አለ።

ቀላል መሣሪያ ግን የዘወትር ጠባቂ ይፈልጋል። የቧንቧው አፍ በጭቃ ከተደፈነ አየሩ ይቋረጣል፥ ፍሳሹም በክምሩ ሆድ ውስጥ ይቀራል፥ እንደዚያ ያለ ክምርም የመናድ አደጋ አለበት። ስለዚህ በዚህ ኮሌጅ ያሉ የምሕንድስናና የኬሚስትሪ ባልንጀሮቼ ለሚቀጥለው ዓመት የጥናት ርእስ የሚፈልጉ ከሆነ፥ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ቆሼ ወርደው የእያንዳንዱን ቧንቧ አፍ ሙቀት፥ የፍሳሹን ብዛትና ቀለም ቢመዘግቡ መልካም ነው። የማዘጋጃ ቤቱንም ሠራተኞች ሦስት ነገር ይጠይቁአቸው፤ ቧንቧውን የሚጠርገው ማን ነው፥ መዝገቡ በማን እጅ ነው፥ ሌላ ቧንቧ መጨመር ቢያስፈልግ ወደ ፉኩኦካ ሳይጻፍ የሚዘረጋው ሰው ስሙ ማን ይባላል?